«ቱቱ» እንጂ «ቱታ» አይደለም፦ የባሌት ልብስ ስሞች በአማርኛ

ጥያቄ፦ ከጦርነቱ በኋላ ስለተሠሩ የባሌት ልብሶች የሚናገር ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። የዳንሰኛዋን፣ ስስ ጨርቅ የተደራረበበት ጉርድ ያለውን ቀሚስ «የባሌት ቱቱ» ያልኩትን አራሚው «የባሌ ቱታ» አደረገው። «ፓውደር ፓፍ» የተባለውን ዓይነት «የዱቄት ቱቱ»፣ «ፓንኬክ» የተባለውን ደግሞ «እንጀራ ቱቱ» ብያለሁ። ሲበዛ «ቱቱች» ነው ወይስ «ቱቱዎች»? «ከትርኢቱ በኋላ ቱቱዎቹ ተገልብጠው ይሰቀላሉ» የሚለው ዓረፍተ ነገሬስ ያስኬዳል?

መልስ፦ አራሚው ቸኩሏል። ቱታና ቱቱ በድምፅ ይቀራረባሉ እንጂ ዝምድና የላቸውም። «ቱታ» የጣሊያንኛ ቃል ነው። የፍሎረንሱ ሠዓሊ ታያት እ.ኤ.አ. በ1920 ላስተዋወቀው፣ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት አንድ ወጥ ለሆነ ልብስ ያወጣው ስም ነበር፤ እኛ ዘንድ የጋራዥ ሠራተኛውም የስፖርተኛውም ልብስ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። «ቱቱ» ግን ፈረንሳይኛ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በጽሑፍ የታየ ሲሆን፣ መዝገበ ቃላት አዘጋጆቹ የሚያይዙት የፈረንሳይ ሕፃናት መቀመጫቸውን ከሚጠሩበት «ኩኩ» ከሚል ቃል ጋር ነው። «የባሌት ቱታ» አደገኛ የሚሆነው ስሜት የሚሰጥ ስህተት ስለሆነ ነው። አንባቢው ዳንሰኛዋ ለማሟሟቂያ የለበሰችውን ሱሪና ጃኬት በዓይነ ልቡናው ያያል፤ ምንም ሳይጠረጥርም ያልፋል።

«ባሌ» የሚለውም ወደ «ባሌት» መመለስ አለበት። ፈረንሳዮቹ የመጨረሻዋን «ት» እንደማይጠሯት እውነት ነው፤ በአማርኛ ግን «ባሌ ዳንስ ይወዳል» ብለን ብንጽፍ ባለትዳር ሴት ስለ ባሏ የምትናገር ይመስላል። ባሌ የሚባለው አገርም አለ። «ባሌት» የተለመደም ግልጽም ነውና በዚያው ይጽኑ።

ቃሉን በአገርኛ ልተካው ብለው «ሽንሽን ጉርድ» እንዳይሉ ደግሞ። ሽንሽን ቀሚስ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቱቱ ወደ ጎን ይዘረጋል፣ ያውም በአየር ላይ ይቆማል። የውጭ ቃል መቀበልም አዲስ ነገር አይደለም። «ቬሎ» በጣሊያንኛ የፊት መሸፈኛው ስስ ጨርቅ ብቻ ነው፤ እኛ ግን ሙሽራዋ የምትለብሰውን ሙሉ ቀሚስ ቬሎ እንለዋለን። ቱቱም ጉርዱን ብቻ ሳይሆን ከደረቱ ክፍል ጋር ሙሉ ልብሱን ወደ መጥራት አድጓል። ስለዚህ መጀመሪያ ሲነሳ «ቱቱ የተባለው የባሌት ቀሚስ» ይበሉ፤ ከዚያ በኋላ «ቱቱ» ብቻውን ይበቃል።

ሲበዛ «ቱቱዎች» ነው። በአናባቢ ያለቀ ስም ላይ «ዎች» መጨመር እንደ «ራዲዮዎች» ሁሌም ያዋጣል፤ «ቱቱች» ጆሮም አይቀበለው። ጥንቃቄ የሚያሻው ነጠላው ላይ ነው። «ቱቱው» ሲነገር የመጨረሻዋ «ው» በ«ቱ» ስለምትዋጥ አንባቢው የታወቀውንና ያልታወቀውን አይለይም። «ያ ቱቱ» ወይም በዳንሰኛዋ ስም «የፎንቴን ቱቱ» ብሎ ማጥራት ይሻላል። «ቱቱዋ» የእሷ ማለት ነው። ግሱ «ለበሰች» ነው። በልምምድ ጊዜ ወገብ ላይ ብቻ የሚደረገውንም ቢሆን «ታጠቀች» አይበሉት፤ መታጠቅ የመቀነትና የመሣሪያ ነው።

«ከጦርነቱ በኋላ» የሚለው ሐረግ ከሁሉም በላይ ሊያሳስብዎ ይገባል። ለአማርኛ አንባቢ፣ በተለይ በዕድሜ ለገፋው፣ «ጦርነቱ» ጣሊያን አገራችንን የወረረበት ነው፤ «ከጦርነቱ በኋላ» ሲባል ከ1933 ዓ.ም. ይጀምራል። የእርስዎ ጽሑፍ ግን ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው የሚያወራው፤ እሱ ያበቃው በ1937 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1945) ነው። የጦርነቱን ስም ቢያንስ አንዴ ሙሉውን ይጻፉ፤ ዓመቶቹም ላይ «እ.ኤ.አ.» አይቅር። እኔም ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

አሁን ወደ ዓይነቶቹ ስም እንምጣ። የልብሱን አሠራር ሳያዩ ስሙን መተርጎም አይቻልም። ዳንሰኛዋ ማሪ ታሊዮኒ በ1832 በፓሪስ ኦፔራ የለበሰችው ነጭ ቀሚስ እንደ ደወል እየሰፋ ከጉልበት በታች የሚወርድ ነበር፤ «ረጅም ቱቱ» ቢሉት ይበቃል። በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ የእግር ሥራ እየረቀቀ ሲሄድ ጉርዱ ከጉልበት በላይ አጠረ። በ1940ዎቹ መጨረሻ የተቀየረው ደግሞ ጨርቁ ነው።

ከዚያ በፊት ቱቱ የሚሠራው ታርላታን ከሚባል፣ በስታርች ከሚደርቅ ስስ የጥጥ ጨርቅ ወይም ከሐርና ከጥጥ ቱል ነበር። ቱል መረብ መሰል ስስ ጨርቅ ነው፤ ስሙ ፈረንሳይ ውስጥ ካለችው ቱል ከተማ የመጣ ነው። ስታርች ላብና እርጥበት ሲያገኘው ይለሰልሳል፤ ያን ጊዜ ጉርዱ ይወድቃል። በጦርነቱ ዘመን ጨርቅ ራሱ ብርቅ ሆነ። ብሪታንያ ውስጥ ልብስ ከ1941 እስከ 1949 በኩፖን ነበር የሚታደለው። በጦርነቱ ወቅት መጨፈሪያ አዳራሽ ሆኖ የከረመው የለንደኑ ሮያል ኦፔራ ሃውስ የካቲት 20 ቀን 1946 (በእኛ የካቲት 13 ቀን 1938) ዳግም ሲከፈት፣ ሳድለርስ ዌልስ ባሌት የተባለው ቡድን «የተኛችው ውቢት» የተሰኘውን ባሌት ያቀረበው በዚያ እጥረት መካከል ነው። ልብሱን የነደፈው ኦሊቨር ሜስል ነበር፤ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ኦሮራን የሠራችው ማርጎ ፎንቴን። በጦርነቱ ጊዜ ለፓራሹት ይውል የነበረው ናይሎን ወደ ሲቪል ገበያ ሲመለስ ግን የናይሎን መረብ ቀስ በቀስ የታርላታንን ቦታ ወሰደ። ናይሎን ውኃ እምብዛም አይጠጣም፤ ቢጨፈለቅም ተመልሶ ይነሳል። በአማርኛ «የናይሎን መረብ» ይበሉት እንጂ «ላስቲክ» አይበሉት፤ ላስቲክ አንዴ የሚሳበው ማሰሪያ፣ አንዴ የፌስታሉ ዓይነት ነገር እየሆነ ያምታታል።

«ፓንኬክ» የተባለው ቱቱ በዚህ መረብ የሚሠራ ነው። ሙታንታው ላይ በመደዳ መስመር ይሠመርና እያንዳንዱ መስመር ላይ የተሸነሸነ የመረብ ቁራጭ ይሰፋል። የላይኛው ከሁሉም ይረዝማል፤ ወደ ታች እያጠሩ ሄደው እግሩ መውጫ ጋ ያለው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ንብር ይደርሳል። (ለአንዱ «ንብር» ይበሉ፤ «አነባበሮ»ም ከዚሁ ሥር ነው። «ድርብ» ሁለት መሆንን ስለሚጠቁም 12 «ድርብ» ሲባል አንባቢው 24 ሊቆጥር ይችላል።) መሐል ላይ ካሉት ንብሮች በአንዱ ቀጭን የብረት ቀለበት ይገባል፤ ንብሮቹም እርስ በርሳቸው በላላ ክር ይያያዛሉ። ክሩ ከጠበቀ ጉርዱ እንደ ተዘጋ ጥላ ወደ ታች ይሰበሰባል፤ ከመጠን በላይ ከላላ ደግሞ ንብሮቹ ይበታተናሉ። ጀርባው የሚዘጋው በዚፕ ሳይሆን በመንጠቆ ነው። መንጠቆው የሚያዝባቸው ዓይኖች ሁለት ወይም ሦስት ረድፍ ስለሚሆኑ አንድ ቱቱ ወገባቸው ለሚለያይ ዳንሰኞች ይሆናል።

ይህን ካዩ «እንጀራ» ለምን እንደማይሄድ ግልጽ ነው። እንጀራ ክብ ነው፣ ጠፍጣፋ ነው፤ ግን ይታጠፋል፣ እጅ ላይ ይወድቃል። ይህ ቱቱ ዋናው ጠባዩ አለመውደቁ ነው። ምሳሌ ከፈለጉ «እንደ ሰፌድ የተዘረጋ» ይበሉ፤ ሰፌድ ቀላልም ደረቅም ነውና ልኩን ይይዛል። መጠሪያው ግን «ጠፍጣፋ ቱቱ» ይሁን።

«የዱቄት ቱቱ» ከሁሉም የባሰ ነው። ፓውደር ፓፍ የፊት ፓውደር የሚቀባበት ለስላሳ ድብልብል ነገር እንጂ ዱቄት አይደለም። ይህን ቱቱ የሠራችው በካርኪቭ የተወለደችው ባርባራ ካሪንስካ ናት። «ጆን ኦፍ አርክ» ለተሰኘው የ1948 ፊልም ልብስ ከዶሮቲ ጂኪንስ ጋር ኦስካር ያገኘችው ባለሙያ እሷው ናት። የዳንስ ቅንብር ባለሙያው ጆርጅ ባላንሺን በኒውዮርክ ሲቲ ባሌት ያሳየው የነበረው «ሲምፎኒ ኢን ሲ» የተባለ ባሌት ማብቂያው ላይ 50 ያህል ዳንሰኞችን በአንድነት መድረክ ላይ ያወጣል። ባለቀለበት ጠፍጣፋ ቱቱ የለበሱ ሴቶች ጎን ለጎን ሲቆሙ የአንዷ ጉርድ የሌላዋን ይገፋል፤ ቀለበቱ ደግሞ አይታጠፍምና በአንድ በኩል ሲገፋ በሌላው በኩል ይነሳል፣ መደዳው በሙሉ ይናወጣል። ካሪንስካ በ1950 ቀለበቱን አወጣችው። የመረቡን ንብር ወደ ስድስትና ሰባት ቀነሰች፣ እያንዳንዱንም ከታቹ በግማሽ ኢንች ብቻ አስረዘመችው፤ ንብሮቹንም በላላ ክር ስታያይዝ ጫፋቸውን አላስተካከለችም። ጉርዱ አጠረ፣ ነፋ፣ ለሰለሰ፤ ሲነካካም ተጨፍልቆ ይመለሳል። ይህን ያየ ተርጓሚ «የነፋ ቱቱ» ሊለው ይችላል። እኔ የምመርጠው በመጀመሪያ «የፓውደር መቀቢያ የሚመስለው ለስላሳ ቱቱ» ብሎ ማስተዋወቅ፣ ከዚያ በኋላ «የካሪንስካ ቱቱ» ማለት ነው። የሠሪዋ ስም ቢነሳ ተገቢ ነው፤ የባለሙያ እጅ ከልብሱ ጀርባ ተደብቆ መቅረት የለበትም።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርዎ ሰዋስዉ ደህና ነው፤ መልእክቱ ግን ይስታል። ልብስ ላይ ሲሆን «ገለበጠ» ማለት የውስጡን ወደ ውጭ ማድረግ ነው፤ ልጅ ሹራቡን ገልብጦ ለበሰ እንደሚባለው። ቱቱ እንዲያ ቢደረግ መረቡ ይጨማደዳል። ዋናው ጽሑፍ የሚለው ደረቱ ወደ ታች፣ የእግሩ መውጫ ወደ ላይ ሆኖ እንደሚሰቀል ነው፤ ደረቱ ወደ ላይ ሆኖ ቢሰቀል ንብሮቹ በክብደታቸው ቀን ከቀን ወደ ታች ይወርዳሉና። ለዚህ ቅዱስ ጴጥሮስ ስለተሰቀለበት ሁኔታ ሲነገር የምንሰማው ቃል አለን፦ «ከትርኢቱ በኋላ ቱቱዎቹ የቁልቁሊት ይሰቀላሉ።»