የታሪፍ ተመላሽ ለጠየቅከው ወንድም፦ መጀመሪያ አስመጪ ተብሎ የተጻፈው ማን እንደሆነ እይ

ጥያቄህን አየሁት። «ባለፈው ዓመት ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ባስገባሁት ቡናና ቅመም ላይ 10 በመቶ ታሪፍ ከፍያለሁ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አሁን ሕገ ወጥ ነው ብሏል። ገንዘቤ ራሱ ይመጣል ወይስ የት ሄጄ ልጠይቅ?» ነው ያልከው። ከሥር ከተሰጡህ መልሶች አንዱ «ቼክ በፖስታ ይልኩልሃል፣ ጠብቅ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ትራምፕ አይከፍልም፣ እርሳው» ይላል። ሁለቱንም አትስማ፤ ሁለቱም ገንዘብህን ያስቀሩብሃል። የሚባክን ጊዜ የለህም።

1ኛ፦ የወደቀው የትኛው ታሪፍ እንደሆነ ለይ። እ.ኤ.አ. (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የካቲት 20 ቀን 2026 ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 የወሰነው በ1977ቱ የአስቸኳይ ጊዜ የኢኮኖሚ ሥልጣን ሕግ፣ ሰው አይኢፓ በሚለው፣ ስለተጣሉት ታሪፎች ብቻ ነው። ዋናው ዳኛ ጆን ሮበርትስ የጻፉት ሐሳብ ቀላል ነው፦ በሕጉ ውስጥ «መቆጣጠር» እና «ማስመጣት» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉ፣ በመካከላቸው ደግሞ ሌሎች 16 ቃላት ተሰልፈዋል፤ ፕሬዚዳንት ከዚያ ተነሥቶ በፈለገው አገር ላይ፣ በፈለገው መጠን፣ ለፈለገው ጊዜ ቀረጥ የመጣል ሥልጣን አያገኝም። ግብር መጣል በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 1 ክፍል 8 ለኮንግረስ የተሰጠ ነው። ስለዚህ ሚያዝያ 2 ቀን 2025 የታወጀው፣ ለኢትዮጵያ ከሚያዝያ 5 ጀምሮ 10 በመቶ የሆነው ታሪፍ ወድቋል። በካናዳ፣ በሜክሲኮና በቻይና ላይ ፈንታኒል በተባለው አደንዛዥ ዕፅ ምክንያት የተጣለውም አብሮ ወድቋል።

ያልወደቀውንም እወቅ። በ1962ቱ ሕግ ክፍል 232 በብረትና በአሉሚኒየም ላይ የተጣለው፣ ከሰኔ 4 ቀን 2025 ጀምሮ 50 በመቶ የደረሰው፣ እንዳለ ነው። በ1974ቱ የንግድ ሕግ ክፍል 301 በቻይና ዕቃ ላይ ያለውም እንዲሁ። የቡና መቁያ ማሽን ወይም የአሉሚኒየም ዕቃ አስገብተህ ከሆነ ያንን ከቡናው ሒሳብ ጋር አትደባልቀው። መለያው ዲክላራሲዮኑ ላይ ነው፦ 7501 የሚባለውን ቅጽ አውጣና 9903.01.25 የሚል ኮድ ያለበትን መስመር ፈልግ። የ10 በመቶው መስመር እሱ ነው፤ ተመላሽ የምትጠይቀውም እሱን ብቻ ነው። ለምሳሌ 320 ጆንያ የያዘ ኮንቴይነር ዋጋው 140,000 ዶላር ቢሆን፣ የታሪፉ መስመር 14,000 ዶላር ነው። የማስተናገጃ ክፍያ ከፍለህ ከሆነ እሱና የወደብ ጥገና ክፍያው (0.125 በመቶ፣ 175 ዶላር) በሌላ ሕግ የሚከፈሉ ስለሆኑ በዚህ ፍርድ አይመለሱም። ጥሬ ቡና መደበኛ ቀረጡ ዜሮ ነው፣ እዚያ የሚመለስ ነገር የለም።

2ኛ፦ አስመጪው ማን ነው? የማሳስብህ ከሁሉ በላይ ይህን ነው፤ ብዙ ወገኖቻችን ገንዘባቸውን የሚያጡት እዚህ ላይ ነውና።

ጉምሩክ የሚያውቀው በ7501 ላይ አስመጪ ተብሎ የተጻፈውን ሰው ወይም ድርጅት ብቻ ነው። ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደወጣ አይጠይቅም። በተግባር ሦስት ዓይነት ሰዎች አሉ። አንደኛው በራሱ ስም ወይም በኤልኤልሲው (ኃላፊነቱ በተወሰነ ድርጅቱ) ስም፣ በራሱ ቦንድ (ለጉምሩክ በሚሰጥ ዋስትና) ያስገባ ነው፤ መብቱ የእሱ ነው። ሁለተኛው በርበሬና ሽሮ በፈጣን የመልእክት ድርጅት በካርቶን ያስመጣ ነው። እስከ 800 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ያለ ቀረጥ የመግባት መብት ከነሐሴ 29 ቀን 2025 ጀምሮ ለሁሉም አገር ስለቀረ፣ ድርጅቱ ታሪፉን ከፍሎ ከነአገልግሎት ክፍያው አስከፍሎታል። እንዲህ ሲሆን አስመጪ ሆኖ የተመዘገበው ብዙ ጊዜ ድርጅቱ ራሱ ነው፣ ተመላሹም የሚሄደው ወደ እሱ ነው። ሦስተኛው ከጅምላ አስመጪ ቡና ገዝቶ ደረሰኙ ላይ «የታሪፍ ጭማሪ» የሚል መስመር የከፈለ ነው። ይህ ሰው በጉምሩክ ዘንድ ምንም መብት የለውም፤ የሚጠይቀው ሻጩን ነው፣ የሚጠይቀውም በውሉ መሠረት ነው። ጭማሪው በደረሰኙ ላይ ተለይቶ ከተጻፈ ክርክሩ ይጠነክራል፣ በዋጋው ውስጥ ከተዋጠ ግን ይደክማል።

ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ከሆንክ ዛሬውኑ በጽሑፍ ጠይቅ፦ «ለዚህ ዕቃ አስመጪው ማን ነበር? የመግቢያ ቁጥሩ ስንት ነው? ተመላሽ ስታገኙ ለእኔ ታስተላልፋላችሁ?» በስልክ የተነገረህን ቃል አትቀበል። ስልክ የሚያነሣው ልጅ ምንም አያውቅም፣ አመናጭቆም ይዘጋብሃል። በኢሜይል የመጣ መልስ ግን ማስረጃ ነው።

አንደኛው ከሆንክም አንድ ወጥመድ አለ። ብሮከር (የጉምሩክ አስተላላፊ) ስትቀጥር ካስፈረመህ ወረቀቶች መካከል 4811 የሚባል ቅጽ ሊኖር ይችላል። ያ ቅጽ ተመላሽ ገንዘብ ለሦስተኛ ወገን፣ ብዙ ጊዜ ለራሱ ለብሮከሩ፣ እንዲላክ የሚፈቅድ ነው። ሥራ ቀላል ለማድረግ ተብሎ የሚፈረም ስለሆነ ሰው ይረሳዋል። ተመዝግቦ እንደሆነ አጣራ፤ ከሆነም ገንዘቡ ከመንቀሳቀሱ በፊት አስነሣው። ስምህ ወይም አድራሻህ ከተቀየረ ደግሞ በ5106 ቅጽ አስተካክል፤ የባንክ ሒሳቡ ስምና የአስመጪው ስም ካልተገጣጠሙ ነገሩ ይጓተታል።

ስለ ቼኩ፦ ከየካቲት 6 ቀን 2026 ጀምሮ ጉምሩክ ተመላሽ የሚከፍለው በኤሌክትሮኒክ ብቻ ነው። ኤስ በሚባለው የጉምሩክ ሲስተም ላይ የራስህ አካውንት ሊኖርህ ይገባል፤ በዚያ ውስጥ ደግሞ ለኤሲኤች ተመላሽ (በቀጥታ ወደ ባንክ ለሚላክ ክፍያ) ለብቻው መመዝገብና የአሜሪካ ባንክ ሒሳብህን ማስገባት አለብህ። አካውንት መክፈት ብቻውን በቂ የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም፣ ሁለት የተለያዩ እርምጃዎች ናቸው። የባንክ መረጃህን ሳታስገባ መጠበቅ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው።

3ኛ፦ ቀን ቁጠር። ጉምሩክ አንድን ዲክላራሲዮን አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ከገባ በ314 ቀን ገደማ ሒሳቡን ይዘጋዋል፤ ሊኩዊዴሽን የሚሉት ይህን ነው። ሚያዝያ 5 ቀን 2025 የገባ ዕቃ 314 ቀኑ የሞላው የካቲት 13 ቀን 2026 ነው፤ ማለትም የመጀመሪያዎቹ ሒሳቦች ፍርዱ ከመውጣቱ በፊት መዘጋት ጀምረው ነበር። ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ በ19 ቁጥር ቅጽ ወይም በኤስ በኩል ፕሮቴስት (የተቃውሞ ማመልከቻ) ለማስገባት ያለህ 180 ቀን ነው። በየካቲት 13 ለተዘጋው የመጨረሻው ቀን ነሐሴ 12 ነው ማለት ነው። ግንቦት 12 ቀን 2025 የገባ ዕቃ ደግሞ መጋቢት 22 ቀን 2026 ገደማ ይዘጋል፣ ፕሮቴስቱም እስከ መስከረም 18 ገደማ ነው። ትክክለኛው ቀን በኤስ ላይ ይታያል፤ ግምቱን ትተህ እሱን ያዝ። ፕሮቴስት ማስገባት ክፍያ የለውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስለ ተመላሹ አሠራር አንዲት ቃል አልተናገረም፣ ስለዚህ ለጥንቃቄ ሲባል ፕሮቴስት አስገባ፤ መተው ስሕተት ነው እላለሁ።

በነገርህ ላይ ይህ ዓይነት ነገር አዲስ አይደለም። በ1998 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወደ ውጭ በሚላክ ዕቃ ላይ የነበረውን የወደብ ጥገና ክፍያ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሲሽረው ገንዘቡ ለላኪዎች ተመልሷል፤ ግን ዓመታት ፈጅቷል፣ የሰነድ ጥያቄም ነበረበት። ወረቀት የያዘ ሰው ይቀድማል።

አስተያየት ላይ «ሜሪላንድ ባለው ፌዴራል ፍርድ ቤት እከሳለሁ» ያልከውን ግን ተው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ ላይ ካያቸው ሁለት ጉዳዮች አንዱን፣ የኢሊኖዩን የመማሪያ መጫወቻ ድርጅት ላርኒንግ ሪሶርሰስን፣ ያቀረቡት በዋሽንግተን ወረዳ ፍርድ ቤት ነበር። በፍሬ ነገሩ ትክክል ሆነው ሳለ ጉዳያቸው የተሰረዘው ያ ፍርድ ቤት ሥልጣን ስለሌለው ነው። ሥልጣኑ ያለው ኒው ዮርክ የሚገኘው የዓለም አቀፍ ንግድ ፍርድ ቤት ብቻ ነው። በትክክለኛው በር የገቡት በቪኦኤስ ሴሌክሽንስ የተመሩ አምስት ትናንሽ ድርጅቶች ናቸው። መሪው የኒው ዮርክ የወይን ጠጅ አስመጪ ነው። ግንቦት 28 ቀን 2025 ሦስት ዳኞች በአንድ ድምፅ ፈረዱላቸው፤ ነሐሴ 29 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤቱ 7 ለ4 አጸናላቸው፤ እስከ ላይ ዘለቁ። ብዙዎቹ ትልልቅ ኩባንያዎች ዝም ባሉበት ወቅት ይህን ሸክም የተሸከሙት እንደ አንተ ዓይነት ትናንሽ አስመጪዎች መሆናቸውን ሳስብ እኮራለሁ። እዚያ ለመክሰስ በአጠቃላይ 2 ዓመት አለ፤ ነገር ግን ኤልኤልሲ ያለ ጠበቃ መቅረብ አይችልም። 14,000 ዶላር ለማስመለስ ምን ያህል ለጠበቃ እንደምትከፍል አስቀድመህ አስላ፤ ፕሮቴስቱን መጀመሪያ አስገባ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ያላየው ገንዘብ አለ። ኅዳር 14 ቀን 2025 የወጣ ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ቡናን፣ ሻይንና ቅመማ ቅመምን ከዚህ ታሪፍ ነጻ ያደረገው ከኅዳር 13 ጀምሮ ለገባ ዕቃ ነው። በዚያ ሰሞን ዕቃ ገብቶልህ ከሆነ ግን ብሮከርህ በልማድ የድሮውን ኮድ ጽፎ 10 በመቶ አስከፍሎህ ሊሆን ይችላል። ይህ ከፍርዱ ጋር አይያያዝም፣ ተራ የኮድ ስሕተት ነው። ሒሳቡ ካልተዘጋ ብሮከሩ የዲክላራሲዮን እርማት ያስገባል፤ ጊዜው ዕቃው በገባ በ300 ቀን ውስጥ፣ ወይም ሊዘጋ ከታቀደበት ቀን 15 ቀን በፊት ነው፣ ከሁለቱ ቀድሞ የሚመጣው ይሠራል። ስሕተቱ የእሱ ስለሆነ ለእርማቱ ክፍያ ከጠየቀህ አትስማማ።

«የተመላሽ መብትህን አሁኑኑ በጥሬ ገንዘብ ልግዛህ» ወይም «ከሚመለሰው ላይ 30 በመቶ ስጠኝ፣ እኔ እጨርስልሃለሁ» የሚል ደውሎልህ ከሆነ፣ ሒሳብህ ጥቂት ዲክላራሲዮን ከሆነ ምንም አትፈርም። ሥራው ኤስ ላይ የመግቢያ ቁጥሮችህን ማውረድ፣ 9903.01.25 ያለባቸውን መለየት፣ መጠኑን መደመርና ቀኑን መከታተል ነው። ገንዘቡ ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ ወለድም አለው፣ መብትህን ከሸጥከው እሱም አብሮ ይሄዳል።

ለሚቀጥለው ጭነትህ ደግሞ ታሪፍ የለም ብለህ ዋጋ አትቁረጥ። ፍርዱ በወጣበት ዕለት ፕሬዚዳንቱ በ1974ቱ የንግድ ሕግ ክፍል 122 ሌላ የ10 በመቶ ታሪፍ ፈረሙ፣ ከየካቲት 24 ቀን 2026 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ፤ በማግስቱ ደግሞ ወደ 15 እንደሚያሳድጉት ተናገሩ። ይህ ሕግ የወጣው ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1971 ቀረጥ በሚከፈልባቸው ዕቃዎች ላይ ተጨማሪ 10 በመቶ ከጣለ በኋላ ነው፤ ኮንግረስ ሥልጣኑን ሲሰጥ አብሮ አጥር አበጀለት፦ ከ15 በመቶ አይበልጥም፣ ኮንግረስ ካላራዘመው ከ150 ቀን አያልፍም። ነጻ የሆኑ ዕቃዎች ዝርዝር አብሮት ወጥቷል፤ የእያንዳንዱን ዕቃህን ኮድ፣ የቡናውን ለብቻ፣ የበርበሬውን ለብቻ፣ ከዝርዝሩ ጋር አስተያይ። ከደንበኛ ጋር ስትዋዋል ታሪፉን በዋጋው ውስጥ አትቅበረው። በራሱ መስመር፣ «ከተመለሰ ለገዢ ይመለሳል» ወይም «ለሻጭ ይቀራል» ብለህ አሁኑኑ ጻፈው።

የ7501 ቅጾችህን አውጥተህ የገቡበትን ቀንና የመስመሩን ኮድ ብቻ እዚህ ጻፍልኝ፤ ስምህንና የመግቢያ ቁጥሩን ሸፍን። የትኛው ፕሮቴስት፣ የትኛው እርማት እንደሚያስፈልገው በየተራ እነግርሃለሁ።