የአባት ካሴት፣ የራስ ግጥምና ዜማ

ጥያቄ፦ አባቴ የአሜሪካ ካንትሪ ዘፋኞቹን የኬኒ ሮጀርስንና የዶን ዊልያምስን ካሴት እያሰማ ነው ያሳደገኝ፤ እናቴ ደግሞ ቡና ስታፈላ ትዝታ ታንጎራጉራለች። ጊታር ከያዝኩ ሦስት ዓመቴ ነው። የሰው ዘፈን እንደ ውሃ እጠጣለሁ፤ የራሴን ልሥራ ስል ግን ወይ የካሴቱን ትርጉም ይመስላል፣ ወይ ዜማው ላይ አማርኛው ይሰበራል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ የቤትዎን ዘፈን ለመርሳት አይሞክሩ። ካንትሪን ያቆሙት ሰዎችም ከቤታቸው ነው የተነሡት። የቨርጂኒያዎቹ ካርተሮች (ኤ. ፒ. ካርተር፣ ሚስቱ ሣራና ዘመዷ ሜይቤል) በኦገስት 1927 እ.ኤ.አ. ብሪስቶል ከተማ መጀመሪያ ሲቀዱ ብዙው ዘፈናቸው በአካባቢያቸው ሲዜም የኖረ ነበር። ኋላ ኤ. ፒ. በየመንደሩ እየዞረ አሮጌ ዘፈን ይለቅም ያዘ። እሱ ግጥሙን ሲጽፍ፣ አብሮት የሚዞረው ጥቁር ጊታር ተጫዋች ሌስሊ ሪድል ዜማውን በቃሉ ይዞ ይመለሳል። ከዚያ የጎደለው ስንኝ ይሞላል፣ የተንዛዛው ይቆረጣል። ድርሰት የሚለመደው በዚህ ጥገና ነው።

እርስዎም ከእናትዎ አፍ አንድ ዜማ፣ አንድ ብቻ፣ በስልክ ይቅዱ። ቅኝቱ ትዝታ ሜጀር ከሆነ ከጂ ሲነሣ ድምፆቹ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ ናቸው። ካንትሪ የበቀለባቸው የአሜሪካዎቹ የአፓላቺያ ተራሮች ብዙ አሮጌ ዘፈኖችም በእነዚሁ አምስት ድምፆች ስለሚሄዱ ጂ፣ ሲ እና ዲ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ይበቁዎታል። ዜማው ቢ ላይ ሲያርፍ ጂ፣ ኢ ላይ ሲያርፍ ሲ፣ ኤ ላይ ሲያርፍ ዲ ይምቱ። ትዝታ ማይነር ከሆነ ግን ጂና ሲ ሜጀር ይጋጩበታል፤ ሁለቱንም ወደ ማይነር ይቀይሩ።

አማርኛው የሚሰበረው በእንግሊዝኛ ስንኝ ልክ ስለሚሰፉት ነው። በየወል ቤት ይጀምሩ፤ ስንኙ 12 ቀለም (በአንድ ትንፋሽ የሚነገር የቃል ክፍል) ነው፣ ስድስት ስድስት ተከፍሎ፦

አባቴ ካሴቱን፣ በእርሳስ ያዞራል፤
ያለፈውን ዘመን፣ ከጓዳ ይጠራል።

ስድስቱን ቀለም በሁለት ባር፣ ማለትም በስምንት ምት ላይ ያስቀምጡ፤ የሚተርፉት ሁለት ምቶች ለትንፋሽ ናቸው። እነሱንም በቃል የሚሞላ ሰው ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲያለከልክ ይገኛል። አራት ስንኝ 16 ባር ይሆናል። ኮርዱን በየባሩ እንዲህ ይሞክሩት፦ አንደኛው ስንኝ ጂ ጂ ሲ ጂ፣ ሁለተኛው ጂ ጂ ዲ ዲ፣ ሦስተኛው እንደ አንደኛው፣ አራተኛው ጂ ዲ ጂ ጂ።

አሁን «ይጠራል» የሚለውን ቃል ያዚሙት። «ጠ»ም «ራ»ም መላላት አለባቸው። ዜማው ጠብቀው እንዲነገሩ ካስገደደዎት አባትዎ ጠሪ መሆናቸው ይቀርና ተጠሪ ይሆናሉ። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፤ ስለዚህ ግጥሙን ያለ ዜማ ደጋግመው ያንብቡ፣ ጥብቁንና ላላውን ምልክት ያድርጉበት፣ ከዚያ ዜማውን ለቃሉ ይለውጡለት እንጂ ቃሉን ለዜማው አያጣሙት።

እጅዎን ደግሞ የሜይቤል ካርተር አመታት ያስለምዱት፦ አውራ ጣት በወፍራሞቹ ክሮች ላይ ዜማውን ይጫወታል፣ አመልካች ጣት በቀጫጭኖቹ ላይ ኮርዱን ወደ ታች ይጠርጋል። ጠረጋው ከበረታ ዜማው ይሰጥማል፤ ሦስቱን ቀጫጭን ክሮች ብቻ ነካ ያድርጉ። ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርገው ይጀምሩ።

ስለ ይዘቱ አንድ ነገር ብቻ፦ «ፍቅር»፣ «ናፍቆት» ብለው አይነሡ። የቴነሲዋ ካንትሪ ዘፋኝ ዶሊ ፓርተን ከ12 ልጆች አራተኛዋ ናት፤ ቤታቸው በእናቷ ዘፈን የሞላ ነበር። በ1971 እ.ኤ.አ. ድህነታቸውን ስትዘፍን የያዘችው እናቷ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሰፋችላትን ኮትና በኮቱ የሳቁባትን የትምህርት ቤት ልጆች ነው። የእርስዎ እርሳስና ካሴት ከዚያ አያንስም።

ጥያቄ፦ የታወቀ የካንትሪ ዜማ ወስጄ በራሴ የአማርኛ ግጥም ብለቀው ችግር አለው?

መልስ፦ ያለ ፈቃድ ከሆነ አዎ። ፈቃዱም ብዙ ጊዜ ከዘፋኙ እጅ አይደለም፤ ዜማውን የደረሰው ሌላ ሰው ሊሆን ስለሚችል የአልበሙ ጀርባ ላይ የደራሲውን ስም ይፈልጉ። በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው የኢኮኖሚ መብት ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ባለቤቱ የማይታወቅ የቆየ የሕዝብ ዜማ ከሆነ ግን «ግጥም» ላይ ስምዎን፣ «ዜማ» ላይ «የሕዝብ» ብለው ይጻፉ። መጀመሪያ ግን አንድ ሰው ደርሶ ያስቀዳው አለመሆኑን ያጣሩ፤ ከእናት አፍ የሰሙት ሁሉ የሕዝብ አይደለም።