ስለ አሜሪካ ፕሬዚዳንት ሥልጣን ጠይቁኝ

ሕገ መንግሥት ሳስተምር ነው የሸበትኩት። የድሬ ሙቀት እስኪበርድ ቤት ነኝ፤ ጠይቁ። የእኛን ፕሬዚዳንት ግን ከዚያኛው ጋር አታደባልቁብኝ። እኛ ጋ ሥልጣኑ ያለው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዘንድ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው፤ ጠያቂዎቹን በሰፈራቸው ነው የጠራኋቸው።)

ሳቢያን፦ አቦ፣ ፕሬዚዳንቱ የፈረመው ሁሉ ሕግ ነው?
መልስ፦ አይደለም። ያለ ኮንግረስ (ሕግ አውጪው ምክር ቤት) በራሱ የሚፈርመው ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚሰጥ ትዕዛዝ ነው። ተተኪው በአንድ ፊርማ ይሽረዋል።

ለገሃሬ፦ ብዙ የፈረመው ማነው?
መልስ፦ ፍራንክሊን ሩዝቬልት፣ ከ3,700 በላይ። ቁጥሩን ግን ተዉት። የ1942ቷ አንዲት ትዕዛዝ ወደ 120,000 የሚጠጉ የጃፓን ዝርያ ያላቸውን ሰዎች ካምፕ አስገብታለች።

መጋላ፦ የሚያቆመው የለም?
መልስ፦ ይሄ ነው ጥያቄ! በ1952፣ የኮሪያ ጦርነት ላይ፣ የብረት ሠራተኞች አድማ ሊመቱ ሲሉ ትሩማን ፋብሪካዎቹን ተረከበ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 አስመለሰው። ዳኛ ጃክሰን፣ ራሱ የሩዝቬልት ዐቃቤ ሕግ የነበረው፣ ያኔ ያለው ዛሬም ይሠራል፦ ኮንግረስ ከፈቀደለት ፕሬዚዳንቱ ጉልበታም ነው፤ ዝም ካለ ነገሩ ድንግዝግዝ ነው፤ ከከለከለው ደካማ ነው። ኮንግረስ ደግሞ ዝምታ ለመደ።

ከዚያ የማቆሚያው ቁልፍም ከኮንግረስ እጅ ወጣ። የ1976ቱ ሕግ ሁለቱ ምክር ቤቶች የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅን ያለ ፕሬዚዳንቱ ፊርማ እንዲያነሱ ይፈቅድ ነበር። በ1983 ፍርድ ቤቱ ቻድሃ በተባለ መዝገብ እንዲህ ያለውን አሠራር ሻረ። አሁን አዋጁ እንዲነሳ የሚፈርመው ያወጀው ሰውዬ ነው! በ2019 ትራምፕ ለድንበር ግንቡ ባወጀው ላይ ሁለቱም ምክር ቤቶች «ይነሳ» አሉ። እሱ ውድቅ አደረገው፤ እነሱም ያንን ለመሻር የሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ አልሞላላቸውም።

አዲስ ከተማ፦ የእኛስ?
መልስ፦ የሕገ መንግሥታችንን አንቀጽ 93 አንብብ። እኛ ጋ ከስድስት ወር በኋላ አዋጁን ለማስቀጠል ነው ሁለት ሦስተኛ የሚፈለገው፤ እነሱ ጋ ለማስቆም። ወረቀቱን ነው ያልኩት፤ ሌላውን በርጫ ላይ።

ገንደ ቆሬ፦ ሊንከን በ1863 ባሮችን ነጻ ያወጣው በፊርማ አይደል? ኮንግረስ ቢጠበቅ ኖሮስ?
ግሪክ ካምፕ፦ ያው ሊንከን ነው ሰው ፍርድ ቤት ሳይቀርብ እንዲታሰር ያደረገው።
ገንደ ቆሬ፦ ጦርነት ነበራ!
ግሪክ ካምፕ፦ መቼ ነው ሰበቡ ጦርነት ያልሆነው? አንተ በኳስም እንዲሁ ነህ፤ ቡድንህ ከሆነ ፔናሊቲው ሁሉ ትክክል ነው።
መልስ፦ ኳሱን ውጭ! ገንደ ቆሬ፣ የሊንከን አዋጅ ላመጹት ግዛቶች ብቻ ነበር። ባርነትን በመላ አገሪቱ የሻረው የ1865ቱ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው።

ሳቢያን ሁለት፦ በአጭሩ፣ የፈረመው ሕግ ነው ማለት ነው?
መልስ፦ አቦ አንተ! የመጀመሪያውን መልስ አንብብ። ነፋሱ መጣ፣ ወጣሁ።