መልስ፦ «ሽሪምፕስ» የሚባሉት እነማን ናቸው?

ወንድሜ፣ «ሽሪምፕስ የማን ቅጽል ነው? ታሪካቸውስ?» ብለህ ነበር። ሞርካም ናቸው፤ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ላንካሻየር ውስጥ ያለች ትንሽ የባሕር ጠረፍ ከተማ የእግር ኳስ ክለብ። ስሙ የመጣው እዚያው ባሕረ ሰላጤ ከሚጠመደው ቡናማ ሽሪምፕ (ትንሽ፣ የሚበላ የባሕር እንስሳ) ነው። ቀቅለው፣ በቅመም ቅቤ ሸፍነው በትንሽ ዕቃ ያቆዩታል (ከእኛ ንጥር ቅቤ ጋር አይወዳደርም፣ ግን ያው ዘዴ ነው)።

ክለቡ በፈረንጆቹ 1920 ተመሠረተ። 1974 ላይ ለንደን ያለው ዌምብሌይ ስታዲየም ገብቶ ዳርትፎርድን 2 ለ 1 አሸነፈና የኤፍኤ ትሮፊን (የታችኛው እርከን ክለቦች ዋንጫ) ወሰደ። ወደ ፉትቦል ሊግ (ከፕሪሚየር ሊግ በታች ያሉት ሦስት እርከኖች) የገባው ግን 2007 ነው፤ በአዲሱ ዌምብሌይ ኤክሰተርን፣ አሁንም 2 ለ 1 አሸንፎ። በ2021 ደግሞ ኒውፖርትን በጭማሪ ሰዓት፣ በኮል ስቶክተን ፍጹም ቅጣት ምት 1 ለ 0 ረትቶ ሊግ ዋን (ሦስተኛው እርከን) ደረሰ። ለእኔ ትልቁ ቀናቸው ያ ነው።

ከዚያ ቁልቁል ሆነ። 2023 ወደ ሊግ ቱ (አራተኛው እርከን)፣ 2025 ወደ ናሽናል ሊግ (አምስተኛው) ወረዱ። በዚያው ክረምት በባለቤትነት ጣጣ ክለቡ ሊፈርስ ምንም አልቀረው፤ ኦገስት ላይ ፓንጃብ ዋሪየርስ የተባለ የባለሀብቶች ስብስብ ገዛው። አሰልጣኝ ያደረጉት አሽቪር ሲንግ ጆሃልን ነው፤ ገና 30 ዓመቱ ነበር።