አንድ ጥቅል ስንት ሜትር ነው?

ሰሞኑን ገላን አካባቢ ካለ መጋዘን አንድ ወጣት ደውሎልኝ ነበር። አዲስ የመጋዘን ሶፍትዌር እያስገቡ ነው። የቆጠራ ልዩነት ሪፖርቱን፣ ማለትም በመዝገብ ያለውና በቆጠራ የተገኘው የት የት እንደሚለያዩ የሚያሳየውን፣ እንዲያዘጋጅ የተመደበው እሱ ነው። «ጋሼ፣ አለቃዬ አጠቃላይ ልዩነቱን በብር ብቻ አሳየኝ ብሎኛል። አንድ ገጽ፣ አንድ ቁጥር። አይበቃም እንዴ?» አለኝ።

አይበቃም አልኩት። ለምን እንደማይበቃ ግን በስልክ ተናግሬ አልጨረስኩትም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም አንድ የማውቃቸው ሰው ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ስለዚህ ለእሱም፣ በቃሊቲ፣ በዱከም፣ በሰበታና በለገጣፎ መጋዘኖች ኮምፒውተር ፊት ለተቀመጣችሁ ሁሉ ልጻፈው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ በሚያከፋፍል ድርጅት ተቀጥሬ ነበር። ስሙ ይቅር። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ጠና ያሉ፣ ቁጥብ ሰው ነበሩ። ሽቦ በጥቅል ይገባል፣ በሜትር ይወጣል። መለኪያቸው አንድ ረጅም የእንጨት አግዳሚ ነው። ልክ በአንድ ሜትር ርቀት ሁለት ሚስማር ተመትቶበታል። ሽቦው ሲመላለስባቸው ኖሮ ሚስማሮቹ ያብረቀርቃሉ። እሳቸው ሽቦውን እየሳቡ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። ገዢው በመሀል ወሬ ከጀመረ ያቆማሉ። ከዚያ ከአንድ ይጀምራሉ። «አንተም ስማ፣ እኔም ልስማ» ይሉ ነበር።

ቆጠራው እንደ ሁልጊዜው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። የቃሊቲን ሰኔ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አንዱ የጠራውን ቁጥር ሌላው አይሰማም። በዚያ ላይ የአዳማው ፈጣን መንገድ ገና አልተሠራም። ከሞጆ የሚመጣ ጭነት ሁሉ በቢሾፍቱና በዱከም አድርጎ አቃቂ መሀል ነው የሚያልፈው። የእኛ መኪና ሌሊት ዘግይቶ ይደርሳል። ቆጠራ ላይ ነን ብሎ የሚመልሰው የለም። ዕቃው በአንድ በር ይራገፋል፣ እኛ በሌላው በኩል እንቆጥራለን። ሻይና ዳቦ ይመጣልን ነበር። ደስ የሚል ድካም ነበረው።

በዚያ ዓመት ባለ 2.5 ሽቦ (ውፍረቱ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነው) ጎደለ። ትንሽ አይደለም፣ ብዙ። ሪፖርቱ አጭር ነበር። የዕቃው ስም፣ በመዝገብ ያለው፣ የተቆጠረው፣ ጉድለቱ፣ የጉድለቱ ዋጋ። ከግርጌው ደግሞ «ኃላፊነቱን የሚወስደው» የሚል መስመርና የእሳቸው ስም። ኮሚቴው ጠራቸው። የሰጡት መልስ ሦስት ቃል ነው፤ «ሽቦው ራሱ ያጥራል።» አንዳንዱ ሳቀ። ቃለ ጉባኤው ላይ «በቂ ማብራሪያ አልቀረበም» ተብሎ ተጻፈ። ጉድለቱ ከደመወዛቸው በየወሩ እንዲቆረጥ ተወሰነ። በሚቀጥለው ዓመትም ያው ሽቦ ጎደለ። በዚያው ተሰናበቱ። በጽሑፍ ሌባ ያላቸው የለም። ሰፈሩ ግን ወሬውን ሰማ። ልጆቻቸውም ሰሙ።

ዓመታት አለፉ። ድርጅቱ የመጋዘን ሶፍትዌር ገዛ። ልታስገባልን የመጣችው ልጅ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣች ነበረች። የመለኪያ ሰንጠረዡን ስትሞላ «አንድ ጥቅል ስንት ሜትር ነው?» ብላ ጠየቀች። ሁላችንም በአንድ አፍ መቶ አልን። አላመነችንም። ዕቃ ቤት ወርዳ የጥቅሉን ወረቀት አነበበች። 100 ያርድ ይላል። አንዱን ጥቅል ግቢው ውስጥ ዘርግታ በሜትር ለካችው። 91 ሜትር ከ44 ነው የሚሆነው።

በአንድ ጥቅል 8 ሜትር ከ56 ይጎድላል ማለት ነው። በመቶ ጥቅል 856 ሜትር። መዝገቡ ላይ ሲገባ አንድ ጥቅል መቶ ሜትር ተብሎ ይገባል። ያልተከፈተውን ጥቅል ስንቆጥርም መቶ ብለን ነው፤ እሱ ላይ ልዩነት አይታይም። ተከፍቶ በሜትር የተሸጠው ላይ ግን ይመጣል። የድሮውን ሪፖርት ከመዝገብ ቤት አስወጣሁ። ጉድለቱን ለተከፈቱት ጥቅሎች አካፈልኩት። በሁለቱም ዓመት ስምንት ሜትር ተኩል ገደማ ነው የወጣው። ሌባ እንዲህ እኩል እኩል አይሰርቅም።

ሰውየውን ፈለግናቸው። ተከራይተው የነበሩበትን ቤት ለቀዋል። የሚያውቃቸው ሰው ክፍለ ሀገር ሄደዋል አለን፤ የት እንደሆነ አያውቅም። እውነታቸውን እንደነበር ሳይሰሙ ቀሩ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሪፖርቱ ላይ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ቢኖር ኖሮ እላለሁ። «በዓመቱ ስንት ጥቅል ተከፈተ» የሚል። ወይም ጉድለቱ ከወጣው መጠን አንጻር ስንት በመቶ እንደሆነ የሚያሳይ። ባለ 1.5ም፣ ባለ 4ም በዚያው መጠን መጉደላቸው በግልጽ ይታይ ነበር። በብር ስለተደመረ ግን ትልቁን ቁጥር ብቻ አየን። ብዙ የሚሸጠው ባለ 2.5 ስለሆነ ዓይን ውስጥ የገባው እሱ ነው።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ። ሁለት ሰው ይቁጠር፣ መደርደሪያው ቀድሞ ይስተካከል የሚለውን አልጽፍም። ታውቁታላችሁ።

የዘመኑ ልጆች ዳሽቦርድ ትወዳላችሁ። አረንጓዴው፣ ቀዩ፣ ክቡ ግራፍ። ከወንበር መነሳት ግን ይከብዳችኋል። ይህን እንዳልጻፍ ያቺ ልጅ ትዝ ትለኛለች። ጥቅሉን የዘረጋችው እሷ ናት፤ እኛ አንጋፋዎቹ አይደለንም። ስለዚህ ሁላችሁንም በአንድ አልወቅስም። ሶፍትዌሩንም ቢሆን አትመኑት ልል ነበር። እሱ ባይመጣ ደግሞ ጥያቄው አይጠየቅም ነበር።

የተጣራ ልዩነት፣ ማለትም ጉድለትና ትርፍ ተቻችለው የሚቀረውን ቁጥር፣ ብቻ አታሳዩ። አንዱ ሽቦ 300 ሜትር ጎድሎ ሌላው 300 ሜትር ቢተርፍ የተጣራው ዜሮ ነው። እውነቱ ግን አንዱ በሌላው ስም ወጥቷል። ጉድለቱን ለብቻ፣ ትርፉን ለብቻ ደምሩ። አለቃ አንድ ገጽ ከፈለገ እነዚህ ሁለት ድምሮችና ምክንያታቸው ያልታወቀ መስመሮች ብዛት አንድ ገጽ ላይ በደንብ ይገባሉ። ዝርዝሩ ከኋላ ይሁን፤ በዕቃ ብቻ ሳይሆን በመደርደሪያ ቦታ ጭምር። ብዙ ጊዜ የጠፋው ዕቃ ሁለት መደርደሪያ አልፎ ይገኛል።

ሰዓቱን በጣም ተጠንቀቁ። ይሄ የእኛው የአገራችን ችግር ነው። ለቆጠራው የመዝገቡ ቁጥር ማታ 12 ሰዓት ላይ ይቆለፍ ሲባል አንዱ 12:00 ብሎ ያስገባል። ሲስተሙ የሚቆልፈው ግን እኩለ ቀን ላይ ነው። ትክክለኛው 18:00 ነበር። በመሀሉ የወጣው ዕቃ ሁሉ ጉድለት ሆኖ ይመጣል፤ የገባው ደግሞ ትርፍ። ቀኑም እንዲሁ። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፤ በፈረንጁ ጁላይ 7። ጁን 30 ብላችሁ ብታስገቡ ሰኔ 23 ላይ ናችሁ። ከቆለፋችሁ በኋላ የተንቀሳቀሰውን ዕቃ የሚያሳይ ዓምድ ጨምሩ። ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ወይም ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) በወረቀት ተቆርጦ ገና ሲስተም ውስጥ ያልገባ ካለም እዚያው ይታይ።

ለቆጣሪው የሚሰጠው ቅጽ ላይ በሲስተም ያለው መጠን አይታይ። ሰው 48 የሚል ካየ 48 ያገኛል። ሪፖርቱ ላይ ግን ሁለቱም ጎን ለጎን ይቀመጡ።

ልዩነቱ መዝገብ ላይ ከመስተካከሉ በፊት ሪፖርቱ ይውጣ፣ ይታይ፣ የተጠረጠረው እንደገና ይቆጠር። ኤስኤፒ (SAP) የተባለውን ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ የልዩነት ዝርዝሩ የሚወጣው ኤምአይ20 (MI20) በሚለው ትእዛዝ ነው፤ ዳግም ቆጠራ በኤምአይ11 ይታዘዛል። ኤምአይ07 ላይ ከደረሳችሁ ልዩነቱ ሂሳብ ውስጥ ገብቷል። ትርፉ በኮድ 701፣ ጉድለቱ በኮድ 702 ይመዘገባል። በሌሎቹም ፕሮግራሞች ቅደም ተከተሉ በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው።

የምክንያት ዝርዝር ስትሠሩ «ሌላ» የሚል ምርጫ አታስገቡ። ካስገባችሁ ሁሉም እሱን ነው የሚነካው። የመለኪያ ስህተት፣ የተሳሳተ ዕቃ መውጣት፣ ያልተመዘገበ ሰነድ፣ ብልሽት፣ ገና ያልተጣራ። የመጨረሻው ነውር የለውም። ያልተጣራን ነገር ያልተጣራ ማለት ነው።

የሰው ስም ያለበትን መስመር ከሪፖርቱ አውጡት። ተጠያቂነት ሌላ ሰነድ ነው፣ ሌላ ቀን ይመጣል። በቦታው የዕቃ ቤቱን አስተያየት አስገቡ። ሪፖርቱ ሂሳብ ክፍል ከመድረሱ በፊት ይሞላ። የዕቃ ቤት ሰው የተናገረውን እንዳለ ጻፉት፤ በቢሮ ቋንቋ አታሳምሩለት። ሳጥኑ የፊደል ገደብ ካለው ገደቡን አስነሱ። በአማርኛ ተጽፎ ሲታተም ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ እንዳይወጣም አስቀድማችሁ አንድ ገጽ አትማችሁ እዩት።