ከጣሪያው በላይ ክሬዲት ስለ መውሰድ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የአምዱ አዘጋጆች፣ የሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት አንድ ኮርስ ስለወደቅሁ፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር ከመደበኛው 17 ክሬዲት በተጨማሪ ይህንኑ ኮርስና አንድ የምርጫ ኮርስ (እያንዳንዳቸው 3 ክሬዲት)፣ በድምሩ 23 ክሬዲት ለመውሰድ አመልክቼ ነበር። አማካሪዬ ግን ጣሪያው 19 መሆኑንና አማካይ ውጤቴም ከፍ ያለ አለመሆኑን ጠቅሰው አልፈቀዱልኝም። ከፍዬ ለምማረው ትምህርት ገደብ የሚጣልብኝ ለምንድን ነው?

መልስ፦ የክሬዲት ጣሪያ የተማሪውን ጊዜ እንጂ የመክፈል አቅሙን አይለካም። በክሬዲት ሰዓት በሚሠሩ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ክሬዲት፣ 15 ሳምንት ገደማ በሚዘልቅ ሴሚስተር በየሳምንቱ አንድ ሰዓት በክፍል፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ደግሞ ከክፍል ውጭ በንባብና በቤት ሥራ የሚያልፍ ጊዜ ተደርጎ ስለሚታሰብ፣ 17 ክሬዲት በሳምንት 51 ሰዓት፣ እርስዎ የጠየቁት 23 ክሬዲት ደግሞ 69 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም እሑድን ጨምሮ በየቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ላብራቶሪ ያለው ኮርስ ከሆነማ ሪፖርት የሚጻፍበት ጊዜ ሲጨመር ስሌቱ ከዚህም ይከፋል።

አማካይ ውጤት የሚታየው ለዚሁ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተጨማሪ ክሬዲት የሚፈቅዱት ውጤታቸው ከፍ ላለ ወይም ለመመረቅ ጥቂት ለቀራቸው ተማሪዎች ነው፤ በውጤቱ ማነስ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ተማሪ እንዲያውም ጭነቱ ሊቀነስበት ይችላል።

እንደሚመስለን ማመልከቻዎን ያዳከመው ሁለቱን ኮርሶች አንድ ላይ ማቅረብዎ ነው። የምርጫው ኮርስ ሊቆይ ይችላል። የወደቁት ኮርስ ግን ለሌሎች ኮርሶች ቅድመ ሁኔታ ሆኖ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ አሁን ካመለጠዎት ተከታዮቹንም ይዞ ዓመት ሊያስቆጥርብዎት ይችላል። የምርጫውን ትተው በ20 ክሬዲት ቢያመለክቱ ከጣሪያው የሚያልፉት በአንድ ክሬዲት ብቻ ስለሆነ፣ ለአማካሪዎም ሆነ ለትምህርት ክፍል ኃላፊው መፍቀድ ይቀላቸዋል። በማመልከቻው ላይ ኮርሱን ካላለፉ ሊመዘገቡባቸው የማይችሉትን ኮርሶች በስም ይዘርዝሩ፤ የክፍለ ጊዜ ግጭት አለመኖሩንም አስቀድመው ያረጋግጡ፣ ማመልከቻ በዚህም ሊወድቅ ይችላልና።

ይህም ካልተፈቀደ፣ ከ17ቱ ክሬዲት ውስጥ ለሌላ ኮርስ ቅድመ ሁኔታ ያልሆነ አንድ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ቀንሰው የወደቁትን በቦታው መተካት ይችሉ እንደሆነ አማካሪዎን ይጠይቁ። ይህ ግን ኮርስ መጨመርና መቀነስ በሚፈቀድበት ጊዜ ውስጥ መጠናቀቅ አለበት፤ ከዚያ በኋላ የሚተዉት ኮርስ በትራንስክሪፕትዎ ላይ እንደተቋረጠ ሊመዘገብ፣ ክፍያውም ላይመለስ ይችላል።