«ፎርዋርድ ብቻ ነው ያረኩት» ላለ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን አሉልኝ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ 11ኛ ክፍል ነኝ፣ በዲቁናም አገለግላለሁ። ጾም ሲገባ ሁሌ ቲክቶክና ቴሌግራም ከስልኬ ላይ አጠፋና ሲፈታ መልሼ አወርዳለሁ፣ ዘንድሮም የነቢያት ጾም ሲገባ አጥፍቻለሁ። ግን አንድ ነገር ከውስጤ አልወጣ አለኝ። ጾሙ ከመግባቱ በፊት በክፍላችን ግሩፕ ላይ አንድ ልጅ የክፍላችንን ተማሪ ቅዳሜ ገበያ ከናቷ ጋር ኩበት ተሸክማ እያለች ፎቶ አንስቶ የሚያሾፍ ነገር ጽፎበት ለቀቀው። ልጅቷ ከገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። እኔ ምንም አልጻፍኩም፣ የሳቅ ኢሞጂ አረኩበትና ሌላ ሴክሽን ላሉ ጓደኞቼ ግሩፕ ፎርዋርድ ብቻ ነው ያረኩት። ከዛ ወዲህ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ጓደኞቼ አንተ ምን አረክ፣ የጻፈው እሱ ነው ይሉኛል። ኃጢአት ይሆንብኛል ወይ? ሶሻል ሚዲያስ ጭራሽ ልተወው? እሁድስ ቅዳሴ መግባት እችላለሁ?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወንድሜ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። ስለ ጾሙ ሥርዓት ለዲያቆን አልነግርም፣ ታውቀዋለህ። እኔን ያሳሰበኝ ፎርዋርድ ብቻ ነው ያረኩት የምትለው ነገር ነው። አንተ ብቻ አይደለህም እንዲህ የምትለው፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችም ልጅ ካሳደጉ ትልልቅ ሰዎችም ስንቴ ሰምቼዋለሁ። እኔ አልጻፍኩትም፣ ከሰው የመጣልኝን ነው፣ ሼር ብቻ ነው፣ ላይክ ብቻ ነው ይላሉ። ሰው በምላሱ ያጠፋውን ለንስሐ አባቱ ይናገራል፣ አማሁ ዋሸሁ ተሳደብኩ ይላል፣ በጣቱ ያስተላለፈውን ግን ኃጢአት ብሎ ቆጥሮ ይዞ የሚመጣው ጥቂት ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንላለን፣ ከስልክ የወጣው ግን ከአፋፍም አልፎ የማናውቀው ሰው እጅ ገብቶ እያለ እኛ ዘንድ እንደ ጨዋታ ነው የሚታየው።

ቅዱስ እስጢፋኖስን እናንተ ዲያቆናት ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ፣ አለቃችሁ ነው። እሱ ሲወገር ሳውል ድንጋይ ወረወረ የሚል አናገኝም። ወጋሪዎቹ ልብሳቸውን አውልቀው እግሩ ስር አኖሩ፣ እሱም ጠበቀላቸው፣ ያረገው ይሄንን ነው። በሰዓቱ አንድ ሰው ጠይቆት ቢሆን እኔ ምን አረኩ፣ ልብስ ብቻ ነው የጠበኩት ብሎ ሊመልስ ይችል ነበር፣ አልዋሸምም። መጽሐፉ ግን በመገደሉ ተስማምቶ ነበር ይላል (ሐዋ. 8፥1)። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ከዛ በኋላ ያለው ነው። ሳውል ጳውሎስ ሆኖ፣ ተጠምቆ፣ ኃጢአቱ ተሰርዮለት፣ ስንት አገር ዞሮ ወንጌል ሰብኮ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ኢየሩሳሌም ላይ በሕዝብ ፊት ቆሞ ሲናገር ያን ልብስ አልረሳውም፤ የእስጢፋኖስ ደም ሲፈስ እኔም አጠገቡ ቆሜ ተስማምቼ የገዳዮቹን ልብስ እጠብቅ ነበር አለ (ሐዋ. 22፥20)። ድንጋዩን ሌሎች ናቸው የወረወሩት ብሎ ራሱን አላወጣም። ወርዋሪዎቹ እጃቸው ተፈቶላቸው እንዲወረውሩ ያገዘው እሱ መሆኑን ያውቃላ።

አንተም አስበው። ፎቶውን ያነሳው ልጅ በአንድ ክፍል ውስጥ ነው ያሾፈባት። ሌላው ሴክሽን ድረስ ያደረስከው አንተ ነህ። ምናልባት በማግስቱ በር ላይ አይተው የተጠቃቀሱባት ልጆች ፎቶውን ካንተ ያገኙት ይሆናሉ። የሳቅ ኢሞጂዋም ብትሆን ቀላል አይደለችም፣ ያ ልጅ የለቀቀውን ነገር ማንም ባይስቅለት ኖሮ አፍሮ ያነሳው ነበር ብዬ አስባለሁ፣ ዲያቆኑም ሳቀ ሲባል ግን ማን ያፍራል? ኦሪት ዘጸአት 23 ላይ ሐሰተኛ ወሬ አትቀበል፣ ከኃጢአተኛ ጋር እጅህን አታንሣ ይልና ቀጥሎ ክፉን ለማድረግ ብዙ ሰዎችን አትከተል ይላል። እጅ ማንሳትም ብዙ ሰው መከተልም ለኛ ዘመን የተጻፈ ነው የሚመስለው። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና በፌስቡክ ተለቆ ፈተናው በሀገር ደረጃ ተሰርዞ በሌላ ጊዜ እንደገና ሲሰጥ፣ ሼር ካረጉት ውስጥ አብዛኛው ወረቀቱን የሰረቀው አልነበረም፣ እሱም የመጣለትን ነው ያሳለፈው፣ የተጎዳው ግን በኩራዝ ሲያጠና የከረመው ልጅ ጭምር ነው።

አሁን ወደ ጾምህ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ጠንከር ልበልህ፣ ስለምወድህ ነው። አፑን ከስልክህ ላይ ማጥፋትህ ለዓይንህም ለጊዜህም ጥሩ ነው፣ አልነቅፈውም። ግን ምን እንደጠፋ እወቅ። አፑን ስታጠፋ አካውንትህ አይጠፋም፣ የላክኸው ነገርም አይጠፋም፣ ስልክህ ላይ አለመታየቱ ብቻ ነው። አንተ ከሥጋ ከወተት ተከልክለህ ስታስቀድስ ያ ፎቶ ከነስምህ እዛ ግሩፕ ውስጥ ቁጭ ብሏል፣ የሚከፍተውም ይከፍተዋል። ኢሳይያስ 58ን ጾም በገባ ቁጥር እንሰብከዋለን፣ ለተራበ እንጀራህን ቁረስ የሚለውን ሁሉም ይዞታል። ትንሽ ወረድ ብሎ ቁጥር 9 ላይ ያለውን ግን ብዙ ሰው ያልፈዋል፤ እግዚአብሔር እነሆኝ የሚለን ጣታችንን በሰው ላይ መጥቀስ ስንተው፣ ማንጓጠጡን ስናቆም ነው። ጣት እዛው የጾም ምዕራፍ ውስጥ አለች። ስለዚህ ከጾሙ ሳትወጣ ቴሌግራሙን መልሰህ አውርደው። አዎ፣ በጾም አውርደው እያልኩህ ነው። ፎርዋርድ ያረከውን ከዛኛው ግሩፕ ለሁሉም እንዲጠፋ አርገህ አጥፋ፣ የኢሞጂዋንም አንሳ፣ የክፍላችሁን ግሩፕ አድሚን ዋናውን እንዲያነሳው ለምነው፣ አድሚን የማንንም መልእክት ማጥፋት ይችላል። ካንተ ተቀብለው ወደ ሌላ ያሳለፉት ግን ያንተን ስታጠፋ አብሮ አይጠፋም፣ ስለዚህ ለነሱ በግል ጻፍላቸው፣ እባካችሁ አጥፉት በላቸው። ግሩፑ ላይም ሳትዘባርቅ አጠር አርገህ፣ ስሟን ሳትጠራ፣ ፎቶውንም ደግመህ ሳታመጣ፣ አጥፍቻለሁ ይቅርታ በል። ይሳቁብህ፣ ይሄም ጾም ነው።

ስለ ልጅቷ ደግሞ ልንገርህ። ከባሶና ወራናም ይሁን ከአንጎለላ፣ ከገጠር ወጥቶ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ እንዴት እንደሚኖር አንተም ታያለህ። ስንቁ ከቤት ይመጣል፣ በሶው ቆሎው፣ ሲያልቅበት እስከ ቅዳሜ ይጠብቃል፣ የቤት ኪራዩ ደሞ አይጠብቅም። ያቺ እናት በዛ ውርጭ ሌሊት ተነስታ ኩበቱን ተሸክማ ስትመጣ ልጇ ወርዳ ከጀርባዋ ላይ ግማሹን ተቀበለቻት፣ ፎቶው ላይ ያለው ነገር ይሄ ነው። አባትህንና እናትህን አክብር የሚለውን ትእዛዝ በአደባባይ ስትፈጽም ነው ያነሷት። የስንቶቻችን እንጀራ ነው በዛ ኩበት የሚጋገረው? የሚያሳፍር ነገር የሠራች እሷ አይደለችም፣ እሷ ግን ናት አፍራ የቀረችው፣ ይሄ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ።

እሷ ምናልባት ስማርት ስልክም የላት ይሆናል፣ ግሩፑ ውስጥም የለች ይሆናል፣ ያዩት ነግረዋት ነው የሰማችው። ስለዚህ ይቅርታውን በቴክስት አትጨርሰው። መጀመሪያ ለክፍላችሁ ኃላፊ መምህር ያረከውን ሳትደብቅ ንገራቸው፣ እሳቸው እሷን የሚያገኙበትን መንገድ ያውቃሉ። ከዛ ከሷ ጋር የምትቀራረብ አንዲት የክፍላችሁን ልጅ ይዘህ ሂድ፣ ብቻህን ሄደህ ሌላ ወሬ እንዳይወለድባት። ወደ እናቷ ግን ዘለህ አትሂድ፣ ስለፎቶው ሰምታም ላይሆን ይችላል፣ አንተን ቀለል እንዲልህ ብለህ እሷ ላይ ሐዘን አትጨምር። ልጅቷንም ይቅር ብዬሃለሁ እስክትልህ አትወጥራት፣ ያመለጣትን ኖት የያዘውን ደብተርህን አውሳት፣ ፈተና ሳይደርስ እንድትመለስ የሚያስፈልጋት ይሄ ነው።

ሚዲያውን ጭራሽ ልተወው ላልከው፣ አልልህም። ስልክ የሰይጣን ነው የሚሉም አሉ፣ አልከራከራቸውም፣ ግን ያው ግሩፕ ዎርክሺት የምትለዋወጡበት፣ መጽሐፍ ገዝቶ መማር ያልቻለው ልጅ በፒዲኤፍ የሚያነብበት ነው፣ አንተም ዜማ የምትሰማበት ይሆናል። ይልቅ የኖኅን ልጆች አስታውስ። ካም የአባቱን ዕራቁትነት አየና ወጥቶ ለወንድሞቹ ነገረ፣ ሴምና ያፌት ልብስ ይዘው፣ ላለማየት ፊታቸውን መልሰው ወደ ኋላ እየሄዱ አለበሱት (ዘፍ. 9፥22-23)። ወሬው እኮ ለሦስቱም ደርሷቸዋል። ነገም ሌላ ፎቶ ይመጣል፣ የሌላ ልጅ፣ ወይ የአስተማሪ፣ ወይ ደሞ የካህን፣ ወይ እንዲህ ያለ ብሔር እንዲህ አረገ የሚል ማን እንዳቀነባበረው የማይታወቅ ቪዲዮ። ያኔ አትሳቅ፣ አታሳልፍ፣ ይሄ ይነሳ ብለህ አንድ መስመር ጻፍ። አንድ ሰው ከጻፈ ሌላ ሁለት ሰው ይጽፋል፣ ዝም ያለው ሁሉ ደስ ብሎት አይደለም ዝም ያለው፣ የሚቀድመው አጥቶ ነው። ይህንን ስዕል ለ10 ሰው ላክ ካላክ እንዲህ ትሆናለህ የሚለውን ደሞ ዝም ብለህ አጥፋው፣ እመቤታችን ልጆቿን በማስፈራሪያ አትጠብቅም።

እሁድ ቅዳሴ ስለመግባትህ የጠየከኝን ከዚህ ሆኜ ግባም አትግባም አልልህም፣ ሥልጣኑ የንስሐ አባትህ ነው። መባህን በመሠዊያ ፊት ትተህ አስቀድመህ ሂድና ከወንድምህ ታረቅ ያለውን ጌታ (ማቴ. 5፥24) ይዘህ፣ ከእሁድ በፊት ወደ አባትህ ሂድ። አንድ ልጅ ፎቶ ለቆ ነበር ብለህ አትጀምር፣ እኔ እንዲህ አረኩ ብለህ ጀምር። ግባ ካሉህ ትገባለህ፣ ቆይ ካሉህም ከምእመናን ጋር ቆመህ ታስቀድሳለህ፣ የሚሰጡህን ቀኖና ፈጽመህ ደግሞ ትመለሳለህ።